ቀኙ የእሷ፣ ግራው የኔ

«ሻንጣው ተገዝቷል አሉ» ትላለች ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ። ማን እንዳለ ግን አትናገርም። በእሷ ቤት «አሉ» እንጂ «ማን አለ» የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ዕለት ሻንጣው ቡናማ ነበር። ሐሙስ ላይ ጎማ አወጣ። ቅዳሜ፣ ደንበኛዋን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ስታወራ በግድግዳው ሰማኋት፤ ሻንጣው ቁልፍ ተበጅቶለት የእናቴ የሌሊት ልብስ ውስጡ ታጥፎ ገብቷል።

«እናትሽ ምራቷ ጋር ልትገባ ነው አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ በር ላይ ስታገኘኝ።

«አንቺ ካልሽው ምን ቀረው? ሻንጣውን ስታዪው ቀለሙን ንገሪኝ፤ እኔ እስካሁን አላየሁትም።»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ! ለአንቺው ብዬ ነው።»

ለእኔ ብሎ የሚያወራ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ሻንጣው ውሸት ነበር፤ ወሬው ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ወንድሜ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ሚስት ካገባ በኋላ ትልቅ መስኮት ያለው የምድር ቤት ተከራየ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «እማዬ እኛ ጋ ትግባ» ማለት ሆነ ሥራው። እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። እኔና እሷ የምንኖረው ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ከፊት በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የተንጠለጠለበት ሽቦ፣ መተኮሻ ጠረጴዛው፤ ከኋላ ሁለት አልጋ፣ አንድ ምድጃና የእኔ መደርደሪያ።

ስለ መደርደሪያዬ ልናገር። ትምህርት ቤት እኔን ተወኝ እንጂ እኔ ትምህርትን አልተውኩም። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት ደጅ የዕፀዋት መጽሐፍ ለቃቅሜ አነበብኩ፤ ሽፋን የሌለውንም፣ መሐሉ የተቀደደውንም። የኒም ቅጠልን በጥላ ማድረቅ እንደሚሻል፣ በፀሐይ ማድረቅ ግን ጉልበቱን እንደሚወስድበት ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለቱንም አድርጌ በጠረኑና በቀለሙ ለየሁት። ደረቁን ቅጠል ወቅጬ በዘይት ዘፍዝፌ፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀስ ብዬ አሙቄ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ የምሠራው ቅባት የስንቱን ጭርት፣ የስንቱን የእግር ጣት መሐል ማሳከክ አስትቷል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር «ጫማዬን በሰው ፊት ማውለቅ የጀመርኩት በአንቺ ነው» ይለኛል። ሽታው መራራ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ ይላሉ።

የወንድሜ ሚስት ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። «ጓንት» ብዬ ስም አወጣሁላት። ሽንኩርት ስትከትፍ ጓንት፣ ዕቃ ስታጥብ ጓንት። ወንድሜን እንዴት እንዳቀፈችው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ልብስ ለብሳ ቤታችን በዋለችበት እሑድ እናቴ ደክሟት ካልሲዋን አወለቀች። ጓንት ጎንበስ ብላ አየች። የሁለቱም እግር የአውራ ጣት ጥፍር ወፍሯል፤ ቢጫ ሆኗል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግርዎን ፈንገስ ይዞት ይሆን?»

አብሬያት የምኖረው እኔ። የሰፈሩን እግር የማክመው እኔ። የእናት እግር እንደ ቤት ግድግዳ ነው፤ ሁልጊዜ ስላለ አይታይም። ይህን ግን ለማን ታስረጃለሽ? ፀጉር ሠሪዋ ብትሰማ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብላ በየካስኩ ሥር እንደምታዳርሰኝ አወቅኩት።

«ፈንገስ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ።

«አዎ ሰምቻለሁ፤ ቅባት ትሠሪያለሽ አይደል? ከምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ከቅጠል።»

«ከምን ቅጠል?»

«ከአረንጓዴ።»

ወንድሜ ሳቁን በእጁ ያዘው። ጓንት አልተቀየመችም፤ አለመቀየሟ ደግሞ የባሰ ነው። «እኛ ጋ ቅርንፉድ እየሞከርን ነው» አለች። «በአልኮል ዘፍዝፈን፣ አጥልለን፣ አልኮሉን አትንነን የሚቀረውን ወፍራሙን ነው የምንጠቀመው። ለጥፍር ጥሩ ይመስላል። ለእማማ ላምጣላቸው?»

«እኛ ጋ» አለች። እኔ «እኛ ጋ» የምለው ቦታ ይህች ክፍል ብቻ ናት፤ በእሷም ውስጥ ያለችው እናቴ ናት።

«እናቴ የእኔን ትቀባለች» አልኩ።

«ልጄ እስቲ አትጣይ» አለች እናቴ፣ እግሯን እንደ ሰው ዕቃ እያየች። «እግሮቼ ሁለት፣ ሴቶቼም ሁለት። ተካፈሉኝ።»

«ያሸነፈችውስ ምን ታገኛለች?» አለ ወንድሜ። እሱ ነገር ማቀጣጠል ይወዳል።

«እግሬን ያዳነች እግሬን ትውሰድ። እኔ እንግዲህ ከእግሬ ወደኋላ አልቀርም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ። በቀልድ የተናገረችውን በቁም ነገር ነው የምትፈጽመው። ወንድሜ ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረው በእሷ እንዲህ ያለ ቀልድ ነው።

ቀድሜ መረጥኩ። የቀኙ ጥፍር ከዳር እየተፈረፈረ፣ ከሥሩ እንደ አይብ እየነጣ ነበር። የግራው ወፍራምና ጎባጣ ከመሆኑ በቀር አይፈረፈርም፤ ጠንከር ብሎ ተቀምጧል። በሽታው ገና አልገፋበትም አልኩ በልቤ። የቀለለውን ወስጄ ቶሎ ባሳይ፣ ብልጥነት ነው።

«ግራው የኔ» አልኩ።

«እሺ፣ ቀኙ የእኔ» አለች ጓንት። ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ከቦርሳዋ ትንሽ ምላጭና የማይክሮስኮፕ መስታወት አወጣች። ከቀኙ ጥፍር ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ፋቀች። ከዚያ ወደ ግራው እጇን ዘረጋች።

«ወዴት?»

«ትንሽ ፍቄ በማይክሮስኮፕ ልየው ብዬ ነው። ምን እንዳለበት ሳናይ...»

«ምላጭሽን ወደ ቀኝሽ መልሺ። ድንበር አለን።»

«ኧረ ለማየት ብቻ...»

«መርፌዬ» አለች እናቴ። መርፌ የምትለኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው ቢለኝ እወጋለሁ።

«እማ፣ ተካፈሉ ብለሻል፤ ተካፍለናል።»

ጓንት እጇን ሰበሰበች። ማክሰኞ ደውላ የቀኙ እውነትም ፈንገስ እንዳለበት ተናገረች። ስለ ግራው አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቀኙን ከያዘው ግራው እንዴት ሊተርፍ?

እንዲህ ተጀመረ። እኔ ጠዋት ጠዋት የእናቴን ግራ እግር በሞቀ ውሃ አለሰልሼ፣ አድርቄ፣ ጥፍሩን በሞረድ አሳስቼ ቅባቴን እቀባለሁ። ጓንት ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ቀኙን ትቀባለች። እኔ የሁለቱንም እግር ካልሲ አፈላለሁ፣ ምክንያቱም የእሷ እግር ፈንገስ በካልሲ ወደ እኔ እግር እንዲዘልብኝ አልፈልግም። እናቴ መሐል ላይ ተቀምጣ ሁለታችንንም በየተራ ዝቅ ብላ ታያለች።

ያቃጠለኝ ቅርንፉዱ አልነበረም። ያቃጠለኝ እናቴ ለጓንት የምታወራው ነበር። ጓንት የእናቴን እግር ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት እየነካካች ትጠይቃታለች፦ «እማማ፣ ስፌት ማን አስተማረዎት? እማማ፣ የመጀመሪያ ደንበኛዎ ማን ነበረች?» እናቴም ትዘረግፋለች። ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን። ከሙሽራ ቀሚስ ጋር ስለጠፋችው ሙሽራ፣ እየሳቀች፣ ዕንባዋ እስኪመጣ። እኔ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ የዩኒፎርም ቀሚስ ሽንሽን እየተኮስኩ በጀርባዬ እሰማለሁ። አንድ ቀን አንገትጌ አቃጠልኩ። እናቴ ዞር እንኳ አላለችም።

ሌላ ቀን ደግሞ የጓንትን ነጭ ጋዋን እየሰፋች አገኘኋት። ኪሱ ተቀዶ ነበር። እናቴ ክሩ በማይታየው ስፌት ነው የምትጠቅመው፤ ያንን ስፌት ለሙሽራ ብቻ ነበር የምትሠራው።

«ለጋዋን ኪስ?» አልኳት።

«ምን አለበት? ልጄ እኮ ናት።»

«እኔስ ምንሽ ነኝ?»

«አንቺማ እኔው ራሴ ነሽ። ሰው ለራሱ የሙሽራ ስፌት ይጠቅማል እንዴ?» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ደስ የሚል መልስ ነበር፤ ግን እኔን በዚያ ሳምንት ደስ የሚለው መልስ አልነበረም ያማረኝ፤ ኪሱ ነው።

ከዚያ ቀኙ መቀየር ጀመረ። ጥፍር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከሥሩ አዲስ ጥፍር ሲመጣ እንደ ንጋት ጭላንጭል ቀጭን ጥርት ያለ መስመር ይታያል። በቀኙ ታየ። በግራው ሥር የሚወጣው ግን እንደ ድሮው ጎባጣና ወፍራም ነው። በመስኮቱ ብርሃን አዟዙሬ አየሁት። አጉልቶ በሚያሳየው መስታወት አየሁት። ምንም።

«ይመጣል» አለችኝ እናቴ።

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሐኪሟ አንቺ።»

ጓንት ደግሞ ይባስ ብላ አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ክዳን ባለው ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ ነገር፣ በላዩ ላይ ከቀኙ ጥፍር የተወሰደው ፈንገስ እንደ ጥጥ ብን ብሎ በቅሏል። መሐል ላይ መድኃኒት የተነከሩ ሁለት ክብ ወረቀቶች። በአንደኛው ዙሪያ ፈንገሱ ሸሽቶ ሰፊ ቀለበት ሠርቷል። ሁለተኛው ዙሪያ ያለው ቀለበት ጠባብ ነው፤ የጋብቻ ቀለበት ያክላል።

«ሰፊው ቅርንፉዱ ነው» አለች። «ጠባቡ ያንቺ ነው። ከጠርሙስሽ ትንሽ ቀድቼ ነበር። ያንቺም ይሠራል እኮ!»

«ያንቺም ይሠራል» ማለትን ስድብ የምታደርገው «ም» እንደሆነች ማን በነገራት።

«ሳታስፈቅጂኝ?»

«ያስደስትሻል ብዬ ነው።»

«የእኔ በዘይት የተሠራ ነው» አልኳት። «ዘይት በዚህ ውሃ በበዛበት ነገር ውስጥ አይሰራጭም። ከወረቀቱ ሳይወጣ ቀርቶ ነው ቀለበቱ የጠበበው። ፈተናው በአንቺ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ልክ ነሽ» አለች። «ይሄን ማሰብ ነበረብኝ። በሌላ መንገድ እሞክረዋለሁ።»

በቃ። አልተከራከረችም፤ አላኮረፈችም። ተሸንፋ እንኳ ከእኔ አማረባት። የሚጠሉት ሰው ጥሩ ሲሆን የት ይኬዳል?

ፀጉር ሠሪዋም አልተኛችም። «የምራትየዋ እግር ድኗል አሉ፤ ያንቺው ግን እምቢ አለ አሉ» አለችኝ።

«እግሩ የምራትየዋ ሳይሆን የእናቴ ነው።»

«እሱማ እሱ ነው፤ ግን እንዲያው ቀኙ ቀድሞ ከሄደ ግራው ይከተላል ብዬ ነው።»

ያን ቀን ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። ነጭ ሽንኩርት ፈንገስን እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ መጽሐፌም ይላል። መጽሐፉ ቀጥሎ ምን እንደሚል ግን ገጹ ተቀዷል። ጥሬውን ወቅጬ፣ በቅባቴ ለውሼ፣ የእናቴን አውራ ጣት እስከ መጋጠሚያው ሸፍኜ በፋሻ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት።

«መርፌዬ፣ ይለበልባል» አለች መኪናዋ ላይ ሆና።

«የሚለበልብ መድኃኒት እየሠራ ነው።»

«ሥራ በዛበት መሰለኝ።»

«እማ፣ ለእሷ ቅርንፉድ አንድ ቀን አማርረሽ ታውቂያለሽ? ለእኔ ሲሆን ነው እንዴ?»

ዝም ብላ ስትሰፋ ዋለች፤ ለእኔ ብላ። ፋሻውን ስፈታው ጣቷ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ቆዳው ከፋሻው ጋር አብሮ መጣ።

ወንድሜ ከነመሣሪያ ሳጥኑ በሩጫ መጣ፤ ጓንት ከኋላው። «በየትኛው ትምህርት ነው የእናት ጣት የሚጠበሰው?» አለኝ።

«አንተ እግሯን መቼ ነክተህ ታውቃለህ? አሳንሰርህን ጠግን!»

«እኔ አሳንሰር ብነካ ሰው አላቃጥልም!»

«በቃ» አለች ጓንት። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጠበች፣ ሸፈነች። ወደ እኔ ቀና ሳትል፣ በዝግታ፣ «ነጭ ሽንኩርት ፈንገስ እንደሚገድል ልክ ነሽ። ጥሬውን አስረው ሲያቆዩት ቆዳንም ስለሚያቃጥል ነው እንጂ» አለች። ልክ ነሽ አለችኝ፤ አሁንም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

እናቴ በዚያ ጣት ፔዳል መርገጥ አልቻለችም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ሽቦው ላይ ያልተሰፉ ዩኒፎርሞች እንደ ተቀጪ ተማሪ ተሰልፈዋል። እኔ ልሰፋ ሞከርኩ። እኔ የማውቀው ቅጠል ነው፤ የሰፋሁት እጅጌ ለሰው ክንድ የታሰበ አይመስልም ነበር።

«እማዬ፣ እኛ ጋ ብትሆኚ መኪናሽ ላይ ሞተር እገጥምልሻለሁ» አለ ወንድሜ። «እግር የሚባል ነገር አያስፈልግሽም። መስኮቱም ሰፊ ነው፤ ደንበኛ ከመንገድ ያይሻል።»

እናቴ መጀመሪያ መኪናዋን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አንቺም ነይ» አለች።

«የት ልተኛ?»

«ሳሎን ሶፋ አለ» አለች ጓንት ቶሎ ብላ። «ይዘረጋል፤ አልጋ ይሆናል። መደርደሪያሽንም ኮሪደሩ ላይ...»

«እኔ ሶፋ አይደለሁም» አልኩ። «ተዘርግቼ ሌላ ነገር አልሆንም።»

«መርፌዬ...»

«ሂጂ እማ። እግርሽ ቀድሞ ሄዷል፤ አንቺም ከእግርሽ ወደኋላ እንደማትቀሪ ነግረሽናል።»

ሳቀች፤ ግን ፊቷ አብሮ አልሳቀም። ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ፣ ወንድሜ የመኪናውን ራስ አቅፎ፣ ጓንት መቀሶቹን ይዛ ወጡ። «ሻንጣውስ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ ከበሯ አንገቷን አውጥታ፤ በጣም ቅር ብሏት ነበር።

ከፊት ያለው ሱቅ ባዶ ሆነ። የመኪናው ጠረጴዛም ሲወሰድ እግሮቹ ወለሉ ላይ አራት ምልክት ትተው ነበር። መደርደሪያዬን አውጥቼ እዚያ አቆምኩት። እግራቸውን የሚያሳክካቸው አሁን ከመንገድ ገብተው ይጠይቁኛል። ገበያው መጥፎ አይደለም። ማታ አንድ ሰው ብቻውን ሲበላ ማንኪያው ምን ያህል እንደሚጮህ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴ ትደውላለች። «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች፤ «ሥራ በዝቶብኛል» እላለሁ። በጋው እስኪያልፍ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛ «የልጄን ዩኒፎርም ያሳጥሩልኝ» ብላ የድሮውን ሱቅ መስሏት ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች፤ እሱን አሳብቤ ሄድኩ።

ቤታቸው ብርሃን ነው። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ሞተሩ እንደ ንብ እዝዝ ይላል። ባዶ እግሯን ናት። እግሯ መሬት ላይ ሥራ ፈቶ ተዘርግቷል። ቀኙን አየሁት፤ ጥፍሩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሏል። ውብ ነው። ውብ መሆኑን ለማንም አላልኩም። የግራው ቁስል ሽሯል፤ ጥፍሩ ግን እንደ ድሮው ወፍራም፣ እንደ ድሮው ጎባጣ።

ጓንት ውሃ አመጣችልኝ። ጓንት አላደረገችም ነበር፤ እጆቿ ከእኔ የባሱ የተሰነጣጠቁ ናቸው። አጠገቤ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። እማማን አስፈቅጄ ግራውንም ቅርንፉዱን ጀመርኩላቸው። ለውጥ የለም። ጨነቀኝና ፍቄ አየሁት። ደጋግሜ አየሁት፤ ሳህን ላይም ላበቅለው ሞከርኩ። ምንም አልበቀለም። ፈንገስ የለውም።»

«የለውም?»

«ምንም።»

በጋውን ሙሉ አጎንብሶ የነበረው ነገሬ ቀና አለ። «ገደልኩታ!» አልኩ። «ነጭ ሽንኩርቴ! ቆዳውን ላጠው አላችሁኝ፤ ፈንገሱንም ከነሥሩ ነቅሎት ነው! እማ፣ ሰማሽ? ግራው ቀድሞ ድኖ ነበር! ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ!»

«ሊሆን ይችላል» አለች ጓንት በቅንነት። «ግን ከሞተ አዲሱ ጥፍር ለምን ቀጥ ብሎ አልመጣም?»

እናቴ ሞተሩን አጠፋች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። አንዴ እኔን፣ አንዴ ምራቷን፣ ከዚያ ግራ እግሯን አየች።

«የምን መግደል ነው? እሱ ፈንገስ ይዞት አያውቅም።»

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«የገዛ ጣቴን አላውቀውም? ይድናል፣ አይድንም ስትባባሉ ሰነበታችሁ እንጂ ምን ሆኖ ነው ብሎ ማን ጠየቀኝ? እኔም ጠዋት አንዷ፣ ማታ አንዷ እግሬ ሥር ስትቀመጡ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።» የተሰፋውን ዩኒፎርም አራግፋ አጠፈችው። «የዚህ መኪና ራስ ወድቆበት የጎበጠ ነው። ወንድምሽን አርግዤ ሳለሁ።»